አራት ጊዜ በአንድ ጎል

አውሮራ፣ የካቲት 23 ቀን 2017 ዓ.ም.

ይድረስ ለወንድሜ ለአብዱልወሃብ፤

ሰላምታውን ዛሬ ወደ ታች አውርጄዋለሁ፤ አትቀየመኝ። ከሰላምታ ከጀመርኩ የአንተን ጤና፣ የልጅህን የሀጂራን ጤና፣ የልጆቿን ጤና ስጠይቅ ወረቀቱ ያልቅና የምለውን ሳልል እቀራለሁ። ስለዚህ ከጥፋቴ ልጀምር። የዛሬ አሥራ አምስት ዓመት ልጄ ኢዩኤል እንዲሸነፍ ለእመቤታችን ተስዬ ነበር። እሱም ተሸነፈ።

ይኸው ጻፍኩት። ባለቤቴ ፀሐይ፣ ነፍሷን ይማርና፣ ይህን ሳታውቅ ነው የሞተችው። ኢዩኤልም አያውቅም። "ስለ ልጅህ ስጠይቅህ ለምን ስለ አየሩ ትመልስልኛለህ?" ብለህ የጻፍክልኝ በጥምቀት ሰሞን ነበር። መልሱ ይሄ ስለሆነ ነው ስድስት ሳምንት የቆየብህ።

ዘመኑን ታስታውሰዋለህ፤ አንዲቷን ታክሲ እየተፈራረቅን የምንነዳበት ጊዜ ነው። ኢዩኤል አሥራ ዘጠኝ ዓመቱ፣ የበረዶ ሆኪ በረኛ። ቡድኑ ፕሌይኦፍ ገባ። አራት ጨዋታ ቀድሞ ያሸነፈ ያልፋል፤ ካለፉ ደግሞ ኢዩኤልን ወደ ካናዳ የሚወስድ ቡድን ተገኝቷል። ፀሐይ በዚያው ዓመት የኩላሊት እጥበት ጀምራለች፣ በሳምንት ሦስት ቀን።

ለሰው ስናገር "ለእናቱ ብዬ ነው እንዲቀር የፈለግኩት" እላለሁ። ለራሴም እንዲሁ ስል ኖሬያለሁ። ግን እሷ እንዲሄድ ነበር የምትፈልገው። የፈራሁት እኔ ነኝ። ከታመመች ሴት ጋር ብቻዬን ቤት መቅረት ፈራሁ። ከመጀመሪያው ጨዋታ በፊት በነበረው እሁድ ቤተ ክርስቲያን ጥግ ቆሜ፣ "እመቤቴ፣ ተሸንፎ ቤቱ ከቀረልኝ የከፋይ ጃንጥላ አስገባልሻለሁ" አልኩ። ሰው ልጄን ማሪልኝ ብሎ ይሳላል። እኔ ልጄን ጣይልኝ ብዬ ተሳልኩ።

አራቱንም ቀን "ታክሲዋ የእኔ ተራ ናት" ብዬ አንተን ከፀሐይ ጋር ሰደድኳችሁ። አንድም ሰው አልጫንኩም። የመጫወቻው ፓርኪንግ ጥግ ላይ አቁሜ ውዳሴ ማርያም እደግም ነበር። ከውስጥ ጩኸት በመጣ ቁጥር ማን እንዳገባ አላውቅም፤ ብቻ መጽሐፉን ጠበቅ አደርገዋለሁ።

የከፋኝ ምን መሰለህ፣ በአንድ በአንድ ጎል መሸነፋቸው ነው። ስድስት ለዜሮ ቢሆን ኖሮ አቅም አነሳቸው ብዬ እተወው ነበር። አራት ጨዋታ፣ አራቱም በአንድ ጎል። ሚዛኑ እኩል ቆሞ ሳለ አንድ ሰው ጣቱን ጣል ያደረገበት ይመስላል። ያ ጣት የእኔ ነው እያልኩ ኖርኩ።

የመጨረሻው ዕለት እራት ላይ አቀርቅሮ ሲቀመጥ ምን አልኩት? "አራት ለዜሮማ ምልክት ነው፤ ተወው።" ፀሐይ በዓይኗ ቆነጠጠችኝ። እሱ ግን ተወው። ካናዳም ቀረ፣ ሆኪም ቀረ። ተምሮ ሆስፒታል ገባ፣ መተንፈስ ያቃተውን ሰው የሚረዳ ባለሙያ ሆነ፣ ሀናን አገባ፣ እንግልውድ ቤት ገዛ። በየበዓሉ ይመጣል። በር ላይ ይስመኛል፤ ከዚያ አብረን ቴሌቪዥን እናያለን።

ለምን ዛሬ ነገርከኝ ትል ይሆናል። የኢዩኤል ልጅ እምነት አሥራ አንድ ዓመት ሞልቷታል፤ እሷም በረኛ ናት። ማንም አላዘዛትም፤ ራሷ "በር ላይ ልቁም" አለች። አባቷ ዕቃዋን እስከ በሩ ተሸክሞ ያደርሳታል፤ ከዚያ ተመልሶ ጨዋታው እስኪያልቅ መኪናው ውስጥ ይቀመጣል። ባለፈው ቅዳሜ እንዲህ አለችኝ፦

"አባባ፣ ዳዲ ለምን ፓርኪንግ ውስጥ ይቀመጣል?"

"ሥራ በዝቶበት ነው።"

"ጌሙን በሙሉ? ወይስ አይም ባድ፣ መጥፎ በረኛ ስለሆንኩ ነው?"

ዋሸኋት፣ "ስልክ ይዞት ነው" አልኳት። የጠየቀችኝ ስለ አባቷ ነው፤ የተመታሁት ግን እኔ ነኝ። ከሦስት ሳምንት በኋላ እነሱም ፕሌይኦፍ አላቸው፤ ከሦስት ጨዋታ ሁለት ያሸነፈ ያልፋል። ኢዩኤል ከዚያ ወዲያ በር ላይ አትቆምም ብሏል። እሷ ደግሞ ከዚያ ሌላ ምንም አትፈልግም።

እንግዲህ ሰላምታው፦ ጉሮሮህ እንዴት ሆነ? ጾሙስ? እኛም ዐቢይ ጾም ገብተናል፤ ዘንድሮ አብረን ተራብን።

ወንድምህ ወልደየስ



ሚኒያፖሊስ፣ ረመዳን 8

ወልዴ፣

ጉሮሮዬን ቀደው ድምፄን ከወሰዱት ወዲህ ሰው ሁሉ ምስጢሩን ያወራኛል። አፉ የተዘጋ ሰው ጆሮው የሰፋ ይመስላቸዋል። አንተ ግን ከሁሉም በለጥክ። ሃያ ዓመት እኔ ሳወራ "እህ" እያልክ ኖረህ፣ ይኸው ተራው ተገለበጠ፤ እህ።

ደብዳቤህን ሦስት ጊዜ አነበብኩት። መጀመሪያ ልስቅብህ ነበር። ኋላ ሀጂራ ገብታ "አባ ምን ሆንክ?" ስትለኝ ወረቀቱን ገልብጬ አስቀመጥኩት።

አንተ ሰው፣ ከአራቱ ጨዋታ አንዱንም አላየህም። እኔ አራቱንም አይቻለሁ። እስቲ ልንገርህ። የመጀመሪያው ሁለት ለአንድ። ሁለተኛው ሦስት ለሁለት፣ በጭማሪ ሰዓት። ሦስተኛው አንድ ለዜሮ፤ ያቺ አንዷ የራሳቸው ተከላካይ የበረዶ መንሸራተቻ ጫማ፣ ስኬት የሚሉት፣ ላይ ነጥራ ነው የገባችው። አራተኛው አራት ለሦስት፣ ያም በጭማሪ። ልጅህ በአራተኛው ቀን አርባ አንድ ኳስ መለሰ፤ ኳስ እንኳ አይደለም፣ ያ ጥቁር ድንጋይ የመሰለ ፓክ። ፀሐይ ጋቢዋን ተከናንባ ቆሎ በከረጢት ይዛ ለመስመሩ ሁሉ ታድል ነበር። የተቃራኒው ቡድን እናቶች ሳይቀሩ ቆሎ እየቆረጠሙ "ያንቺ ልጅ ነው?" ይሏታል። "በረኛው የእኔ ነው" ትላለች። በአማርኛ ነው የምትመልሰው፤ ገብቷቸዋል።

ጋዜጣው አራት ለዜሮ ብሎ ጻፈ። እዚህ አገር ስዊፕ ይሉታል፣ ጠራርጎ ማስወጣት። እኔ ያየሁት ልጅ ግን በመጥረጊያ የሚወጣ አልነበረም። አራት ለዜሮ የሚለው ያላየ ሰው ነው። አንተ አላየህም፣ አራት ለዜሮ አልክ።

ስለ ስለቱ ሸኽ አይደለሁምና አልፈርድም። ለኃጢአቱ የራስህን አባት ጠይቅ።

አሁን የእኔን ስማ። ከአራተኛው ጨዋታ በኋላ ኢዩኤልን በአሮጌዋ ቶዮታዬ ቤት ያደረስኩት እኔ ነኝ። ፀሐይ ከኋላ ደክሟት ተኝታለች። ልጁ መንገድ ላይ አንድ ነገር ነገረኝ፤ ለማንም እንዳልናገር ደግሞ አስማለኝ። አሥራ አምስት ዓመት ይዤዋለሁ፤ አንተን ባየሁ ቁጥር ምላሴ ላይ ይመጣል። አሁንም አልነግርህም፤ የእሱ ነው። ብቻ እንዲህ ብለህ ጠይቀው፦ "የአራተኛው ቀን ከቡድኑ አውቶብስ ስትወርድ ምን አየህ?"

የጉሮሮዬን ነገር ተወው።

አብዱልወሃብ



አውሮራ፣ መጋቢት 6 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለወንድሜ ለአብዱልወሃብ፤

ከደብዳቤህ በኋላ በላክሃት አጭር ወረቀት ሦስት ጥያቄ ጠይቀኸኛል፤ በተራ ልመልስ።

ጃንጥላው ቤቴ ነው። ከዚያ ጨዋታ በኋላ በዓመቱ ከአዲስ አበባ በሰው አስመጣሁት፣ ቀይ ከፋይ፣ ዙሪያው የወርቅ ዘርፍ ያለው። ከውሃ ማሞቂያው ጀርባ በአንሶላ ጠቅልዬ አቆምኩት። ማስገባት አልቻልኩም። ስለት ሲገባ ዲያቆኑ ስምህን ጠርቶ ምን እንደ ተደረገልህ ለሕዝቡ ይናገራል፣ ሕዝቡም እልል ይላል። "ልጁ ስለ ተሸነፈለት" ተብሎ ማን እልል ይላል? ፀሐይ አገኘችውና "ምንድነው?" ስትለኝ "የሰው አደራ ነው" አልኳት። አመነችኝ። እስክትሞት ድረስ በየፋሲካው ከአንሶላው አውጥታ አቧራውን ታራግፍለት ነበር፤ "የሰው ዕቃ ነው" እያለች። እሷ ከሞተች ወዲህ እኔ አራግፋለሁ። ከውሸቴ ሁሉ የሚከብደኝ ያ ነው።

ሁለተኛው ጥያቄህ፣ አዎ፣ አባ መልከጼዴቅን ጠይቄያለሁ። ብዙ ይቆጡኛል ብዬ ነበር። እስከ መጨረሻው ሰምተው፣ "ወልደየስ፣ እመቤታችንን የልጅህ ጠላት አድርገህ አሥራ አምስት ዓመት አኖርካት?" አሉኝ። አላሰብኩትም ነበር። "ጃንጥላውን ዛሬ ላምጣው?" ብላቸው፣ "አይሆንም። ስለት ምስጋና ነው። የምታመሰግንበት ነገር ስታገኝ አምጣው። እስከዚያ እቤትህ ይቁም" አሉ። ቀኖናዬን ሰጡኝ፣ እሱን እየፈጸምኩ ነው። ከዚያ ስወጣ ጠሩኝና፣ "ይህን ሁሉ የነገርከው ለእኔ ነው። የተበደለው ማን ነው?" አሉኝ።

ሦስተኛው ጥያቄህ "ጠየቅከው ወይ?" የሚለው ነው። አልጠየቅኩትም። ሄጄ ነበር፤ ያም ይቆጠርልኝ። ከኢስት ኮልፋክስ በ15 ቁጥር አውቶብስ ወርጄ፣ ባቡር ቀይሬ እንግልውድ ደረስኩ። ኢዩኤል ጋራዡ ውስጥ የእምነትን የስኬት ጫማ ብረት በማሽን ይስላል። ብረቱን እንደ ምላጭ በጥፍሩ እየዳሰሰ፣ በመብራት እያየ። አብዱ፣ ጨዋታውን የጠላ ሰው ዕቃውን እንደዚያ አይነካም።

"ሱቅ ውስጥ አይስሉትም እንዴ?" አልኩት።

"ሱቅ የሚስሉት ለበረኛ አይሆንም፣ አባዬ።"

"ከዚህ ወዲያ አትቆምም አላልክም?"

"እስከዚያ ትክክል ይሁንላት።"

"በረኛነቱ ምን አደረገህ?"

ስኬቱን አስቀምጦ መነጽሩን ጠረገ። "በረኛ ሲሸነፍ ሰው ሁሉ የሚያየው እሱን ነው" አለ። ከዚያ ማሽኑን ሊያበራ እጁን ዘርግቶ፣ "ሰው ሁሉ እንኳ አይደለም፤ የማያይም አለ" አለና አበራው። ጩኸቱ ጋራዡን ሞላው። ማሽኑ ሲጠፋ ሀና "ምሳ ቀርቧል" አለች፤ እኔም ምስር በልቼ ተመለስኩ። ያንተን ጥያቄ አፌ ውስጥ ይዤ ሄጄ አፌ ውስጥ ይዤው መጣሁ።

ስለ ጉሮሮህ ለሁለተኛ ጊዜ ጠይቄሃለሁ።

ወልደየስ



ሚኒያፖሊስ፣ ረመዳን 19

ወልዴ፣

ምስር በላሁ ብለህ ለጾመኛ ትጽፋለህ? አላህ ይይልህ።

አንተን መጫወቻው ውስጥ ለማስገባት ስንት ዓመት ደከምን። ፀሐይ በአንድ በኩል እኔ በሌላ። ከመኪና የማትወጣ ሰው ነህ፤ ታክሲ ነጂ ሆነህ መቅረትህ ነው። እንግዲያው አልለምንህም። መውጣት ካቃተህ መኪናውን ቀይር። ቅዳሜ ልጅህ ተመልሶ ሲቀመጥ የጎኑን በር ከፍተህ ግባ። በር ቆልፎ የሚያሽከረክር አይደለም፤ ሞተሩ ጠፍቷል፣ ልጁ መጫወቻው ውስጥ ናት፣ የትም አይሄድም። እንደሱ ያለ ተሳፋሪ በሕይወትህ አታገኝም።

ስለ ጉሮሮዬ ሐኪሙ ለእኔም አልነገረኝ፤ ለአንተ ምን ልንገርህ።

አብዱልወሃብ



አውሮራ፣ መጋቢት 15 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለወንድሜ ለአብዱልወሃብ፤

ደብዳቤህ ዓርብ ደረሰኝ፤ ቅዳሜ እንዳልከኝ አደረግኩ።

ኢዩኤል የእምነትን ከረጢት በሩ ላይ አድርሶ ተመለሰ። እኔ ቀድሜ መኪናው ጋ ቆሜያለሁ። "አባዬ፣ ግባ እንጂ፣ ሊጀምር ነው" አለኝ ወደ መጫወቻው እያሳየ። የመኪናውን በር ከፍቼ ገባሁ። "እዚህ ይሻለኛል" አልኩት። ትከሻውን ነቀነቀና እሱም ገባ።

ሁሉንም ነገርኩት። ፈረቃ ነው ብዬ ሰው እንዳልጫንኩ፣ ምን ብዬ እንደ ተሳልኩ፣ ለእናቱ ብዬ እንዳልነበረ። ቀና ብዬ አላየሁትም፤ የጓንት ማስቀመጫውን እያየሁ ነው የተናገርኩት። ስጨርስ ወደ እኔ ዞረ። ከዚያ፣

"ጃንጥላ?" አለ።

"ጃንጥላ።"

"ሪል ጃንጥላ? አሁንም አለ?"

"ከውሃ ማሞቂያው ጀርባ።"

ሳቀ። አብዱ፣ እንዲህ ሲስቅ ከልጅነቱ ወዲህ አልሰማሁትም፤ ግንባሩን መሪው ላይ አስደግፎ ሳቀ። "አባዬ" አለ ዓይኑን እየጠረገ፣ "የመጨረሻው ጎል የገባው በግራ እግሬ ስር ነው። ሲዝኑን ሙሉ ያ ጎኔ ቀርፋፋ ነበር። ኮቹ ያውቃል፣ እነሱም ቪዲዮ አይተው ያውቃሉ። ማርያምን እዚህ ውስጥ አታስገባት።"

እኔም ልስቅ ነበር። ከዚያ ያንተን ጥያቄ ጠየቅኩት፤ የአራተኛው ቀን ከአውቶብሱ ስትወርድ ምን አየህ?

ሳቁ ቆመ። ቀና ብሎ የፊት መስታወቱን አየ።

"ጋሽ አብዱልወሃብ ነገሩህ?"

"ጠይቀው ብቻ ነው ያለኝ።"

"ታክሲዋን አየኋት" አለ። "ቁጥሯን አውቀዋለሁ። አንተ ስቲሪንጉ ላይ አቀርቅረሃል። ሦስቱን ተሸንፈን ነበር። ልጄ ሲሸነፍ ማየት አልችልም ብለህ የተደበቅክ መሰለኝ። ያፈርክብኝ መሰለኝ፣ አባዬ። ያን ይዤ ነው በር ላይ የቆምኩት።" ቀጥሎም፣ "ማታ ደግሞ 'ምልክት ነው' አልከኝ" አለ።

አየህ፣ አሥራ አምስት ዓመት ጣቴን ሚዛኑ ላይ ስፈልገው በማይሆን ቦታ ነው የፈለግኩት። ስለቱ አልጣለውም። ፓርኪንግ ውስጥ መቀመጤ ነው የከበደው። እግዚአብሔር ያላደረገውን በእሱ አሳብቤ፣ ራሴ ያደረግኩትን ሳላይ ኖርኩ። "አፍሬ አይደለም፤ ፈርቼ ነው" አልኩት። "አውቃለሁ፤ አሁን አወቅኩ" አለኝ። እጄን ግን አልያዘኝም፤ እኔም አልጠበቅኩም።

"እሷስ?" አልኩት ወደ መጫወቻው እያየሁ። "እሷ አንተን ምን የምትልህ ይመስልሃል?"

ያን ጊዜ የመጫወቻው በር ተከፈተና ልጆቹ መውጣት ጀመሩ። ጨዋታው አልቋል። እኛ እዚያ ቁጭ ብለን አልቋል። እምነት ፀጉሯ ረጥቦ ከረጢቷን እየጎተተች መጣች። ሁለት ለአንድ ተሸንፈዋል። አባቷን አየችው፣ ከዚያ በመስኮቱ ጎንበስ ብላ እኔን አየችኝ።

"አሁን ደግሞ ሁለታችሁም?" አለች።

ኢዩኤል ከረጢቱን ከኋላ ጭኖ ወደ ቤት ወሰደን።

ትናንት እሁድ፣ ሁለተኛው ጨዋታ፣ ከቅዳሴ መልስ በቀጥታ ሄድኩ። ኢዩኤል ከረጢቱን አድርሶ ተመለሰ፣ መኪናው ድረስ መጣ፣ በሩን ከፈተ፤ ከዚያ ሳይገባ ጃኬቱን ብቻ አውጥቶ ዘጋው። "ውስጥ ይበርዳል" አለኝና የራሱን ሻርፕ አንገቴ ላይ አደረገው። ገባን። ሀና ባየችን ጊዜ ከአግዳሚው ላይ ቦርሳዋን አነሳች።

ስለ ጨዋታው ያንተን ያህል አላውቅም። እነዚያ አገቡ፣ እኛ አገባን፣ እነዚያ አገቡ፣ እኛ አገባን። ሁለት ለሁለት። ሰዓቱ አልቆ ጭማሪ ሲባል አንድ ነገር ልናዘዝልህ፤ ስለት አፌ ላይ መጣ። "እመቤቴ፣ ዛሬ ብታሸንፍልኝ" ልል ከንፈሬ ተላቅቋል። ዋጥኩት። ያኔ ዓይኔን ጨፍኜ ነበር የለመንኩት፤ ስለዚህ ትናንት ዓይኔን አልጨፈንኩም። የጸለይኩት እሱን ብቻ ነው፣ እንዳልጨፍን።

በአንድ ጎል ተሸነፉ። ሦስት ለሁለት። ሁለት ለዜሮ ተጠርገው ወጡ ማለት ነው፣ እንደ ጋዜጣው።

ስትወጣ ዓይኗ ቀልቷል። "አባባ፣ ጠረጉን" አለችኝ።

"አየሁ።"

"ሁሉንም?"

"ሁሉንም። ሁለተኛው ክፍለ ጊዜ ላይ ተኝተሽ በእግርሽ ጣት ያወጣሽውንም።"

"ያንን ማንም ያየ አልመሰለኝም።" ከዚያ ቀስ ብላ፣ "ዳዲስ?"

"ዳዲ ቆሞ ነው ያየው። ከኋላችን ያሉት ሴትዮ 'ቁጭ በልልን እንጂ' እስኪሉት።"

ኢዩኤል ከረጢቷን ከእጇ ተቀበላት። "ግራ ጎንሽ" አላት፣ "ትንሽ ይዘገያል። የእኔም እንደዚያ ነበር። ይስተካከላል።" ልጅቷ ይስተካከላል ያለውን ቃል ብቻ ይዛ መኪናው ድረስ ስትዘል ሄደች።

ስለ ጉሮሮህ ሁለት ጊዜ ጠይቄ ሁለቱንም አመለጥከኝ። ሁለት ለዜሮ እየመራኸኝ ነው። ሦስተኛዋን አላስቆጥርህም።

ወንድምህ ወልደየስ



አውሮራ፣ እሁድ፣ መጋቢት 21 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለወንድሜ ለአብዱልወሃብ፤

ዛሬ የአንተ ዒድ ነው፣ የእኔ ደግሞ የማርያም ቀን። እንኳን አደረሰህ። ሀጂራን፣ ልጆቿን፣ ቤቱን ሁሉ ሰላም በልልኝ።

ወረቀትህ ትናንት ደረሰኝ። በመጨረሻ ጻፍክልኝ። ግንቦት ላይ ጉሮሮህን እንደገና የሚቀድዱህ ከሆነ ቀኑን ብቻ ላክልኝ። ለምን ደበቅከኝ አልልህም፤ ያን የሚለው ሌላ ሰው ይሁን። እመጣለሁ። ኢዩኤል ቲኬቱን እቆርጣለሁ ብሏል። መጠበቂያ ክፍሉ ውስጥ እቀመጣለሁ፤ ፓርኪንግ ውስጥ አይደለም።

"ከዚያስ ምን አደረግክ?" ላልከኝ ይኸው።

ዓርብ ዕለት አባ መልከጼዴቅ ጋ ሄጄ "የማመሰግንበት አገኘሁ" አልኳቸው። ምንድነው ብለው አልጠየቁኝም። ጾም ስለሆነ ከበሮም እልልታም የለም፤ ከፋሲካ በኋላ ይሻልሃል ወይ አሉኝ። ዝም የሚባልበት ጊዜ መሆኑን እንደ ወደድኩት ነገርኳቸው።

ጃንጥላውን ይዤ በ15 ቁጥር ልሄድ አስቤ ነበር። ኢዩኤል ደውሎ "አሥራ አምስት ዓመት የቆየ ዕቃ በባስ አይሄድም፣ እመጣለሁ" አለ። ከእምነት ጋር መጣ። ከውሃ ማሞቂያው ጀርባ አውጥቶ አንሶላውን ሲፈታ ዘርፉን በጣቱ ነካ ነካ አደረገና፣ "እማዬ ይሄን ነበር የምታራግፈው?" አለኝ። አዎ አልኩት። ለእሷ ምን እንዳልኳት ነገርኩት። መልሶ በአንሶላው ጠቀለለው፤ እናቱ ትጠቀልለው እንደነበረው፣ ጫፉን ወደ ውስጥ አጥፎ።

የመኪናው ኋላ በበረኛ ዕቃ ተሞልቷል። ሲዝኑ ካለቀ ለምን አላወጣኸውም ብዬ ብጠይቀው፣ "ለበጋው ተመዝግባለች" አለኝ፣ ወደ መንገዱ እያየ። እምነት ከኋላ ሳቀች። ሌላ ቦታ ስላልነበረ ጃንጥላውን በእግር መከላከያው ፓድና በጓንቱ ላይ አጋደምነው። የዚያን ዕቃ ሽታ ታውቀዋለህ። እመቤቴ ይቅር ትበለኝ፣ ጃንጥላዋ ላብ ላብ እየሸተተ ነው የሄደላት።

ዛሬ ከቅዳሴ በኋላ ዲያቆን እንዳልክ ማይኩን ይዞ ወደ እኔ ጎንበስ አለ።

"ጋሼ ወልደየስ፣ ምን ብዬ ልጥራ?"

"ልጁ አጠገብ ተቀምጦ ስላየ በል።"

"ምን ስላየ?"

"በቃ፣ ስላየ።"

ወጣት ስለሆነ ሌላ ሊጠይቀኝ ነበር፤ አባ መልከጼዴቅ በዓይናቸው ቀጥል አሉት። እንደ ነገርኩት ጠራው።  ከሴቶቹ በኩል ወይዘሮ ጌጥነሽ ጾሙን ረስተው እልል ሊሉ አፋቸውን ሲከፍቱ የጎናቸው ሴት ጎሸመቻቸው። ኢዩኤል ከኋላ ግድግዳውን ተደግፎ፣ እጁን እምነት ትከሻ ላይ አድርጎ ቆሟል። ስንት ዓመቱ ነው እዚያ ከቆመ። ቀና ብዬ አየሁት፤ እሱም እያየኝ ነበር።

ወደ ፊት ሄጄ ጃንጥላውን አስገባሁ።